ዝም የሚለው ኮምፒውተር

ጥቅምት 5
ሙሉ ቀን ወሎ ሰፈር፣ የመኪና ዕቃ ሱቅ። የፍሬን ሸራና ካንዴላ ስሸጥ ዋልኩ። የካ አባዶ ቤት ስደርስ እግሬ አብጧል። አባ እንደ ሁልጊዜው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተው ያንን መንዙማ ያዳምጣሉ። እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን አልተዉትም። ከካሴት የገለበጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ ወሎ፣ አያቴ ቤት፣ እኔ ሳልወለድ የተቀዳ። ግን የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ጆሯቸውም እየደከመ ነው።
«ሰዓዲያ፣ ጆሮዬ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ጥርት አድርጌ ልስማው» አሉ። አንጀቴን በሉት። ለዚህ ብቻ የሚሆን ኮምፒውተር መፈለግ አለብኝ...

ጥቅምት 9
አማካሪ በዛ። ወንድሜ ሐሩን፣ «ዊንዶውስ ምን አጎደለብሽ? የለመድሽውን ያዢ» አለ። የሱቅ ባልደረባዬ ተስፉ ደግሞ ማክ ካልገዛሽ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። «ሰክቶ መስማት ነው፤ ጭንቅላትሽ ያርፋል!»
የኔ ልብ የሄደው ወደ ሦስተኛዋ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ፋን የሌላት፣ በሊኑክስ የምትሠራ። አስቸጋሪ ናት አሉ። እኔስ ቀላል ነኝ?
ለአባ ሦስቱንም አስረዳኋቸው። ብዙ አሰቡ።
«ዝም የሚለው የቱ ነው?»
አለቀ። ትንሿ።

ጥቅምት 17
ትንሿን ገዛኋት። ሳምንት ሙሉ አሳበደችኝ... ግን ተናገረች! የካሴቱን ቧጨራ፣ ቋ ጧ የሚለውን ሁሉ የሚያጠፋ ፕሮግራምም አገኘሁ። መንዙማውን አጸዳሁት። የድሮው ፋይል ምን ያደርግልኛል ብዬ ከአሮጌውም ኮምፒውተር ሰረዝኩት።
አባን አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድቤው፣ አውጪው፣ ተቀባዩ... ጥርት ያለ! ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።
«ጥሩ ነው። ኑራ ግን የለችም።»
እማዬ? እሷ መች አዜመች? ድምፄን ማን ይስማው የምትል ሰው!
«አታዜምም። ታጨበጭባለች። ሁሌ ከሰው ኋላ... አንድ ቀን እንኳ እኩል አጨብጭባ አታውቅም። እኔ የምሰማው እሷን ነበር።»
ስንት ዓመት አብሬ ሰምቼ ይህን አላውቅም! ፕሮግራሙ ጭብጨባውን ቧጨራ መስሎት ጠርጎታል። እናቴን በገዛ እጄ አጠፋኋት።
«አይዞሽ ልጄ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 18
የቀረን ካሴቱ ብቻ ነው። ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ሻጋታ ይዞታል። እህል አልቀመስኩም።

ጥቅምት 23
ሾላ ገበያ፣ ቴፕ የሚጠግኑት ጋሽ ማሞ ዘንድ። ካሴቱን አገላብጠው አዩት። ክሩን በጥጥ ጠረጉ።
«አንዴ ያልፋል። ለሁለተኛው ቃል አልገባም።»
ትንሿን ከቴፑ ጋር በገመድ አገናኘሁ። ጋሽ ማሞ በአንገታቸው ማተብ እያለ፣ «ቢስሚላህ በይና ጀምሪ» አሉኝ። ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል ክሩ ተበጠሰ። እስከዚያ ያለው ግን ገብቷል።
አልሰማሁትም። ከአባ በፊት አልሰማም።

ጥቅምት 24
ምንም አላጸዳሁም። ትንሿንም አዘዝኳት፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ እንዳለ አውጪው።
ቧጨራው ይንጫጫል። ድቤ። ጭብጨባ። እኔ የምለየው ነገር የለም። አባ እጄን ሳቡና መዳፌ ላይ ምቱን በጣታቸው መቱልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ጣታቸው ቆመ።
«አሁን።»
ጧ!
ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ብቻዋን። እማዬ...
«ዘገየች አይደል?» አሉ። ይስቃሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። የኔም። ደግመን ሰማናት፤ አሁን ሁሌም አገኛታለሁ።
ሐሩን ደወለ። «በመጨረሻ የቱ ኮምፒውተር ተሻለ?»
«እማዬ እዚህ ናት» አልኩት። «ና ስማት።»