ወደ ኦሞራቴ አሸዋ የአራት ቀን መንገድ

ለናፈቅኸኝ ወንድሜ ለባሮክ፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሣብህ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ታስታምመዋለህ? ባለቤትህ ሃዊ እንዴት ናት? ትንሿ ምህረትስ አፏን በደንብ ፈታች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ምንም አትልም። እኔም ከጭንቅላቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱ ግን ከገና ወዲህ ዞሮበታል።

በስልክ ያልነገርኩህ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ስለ ልጅህ ሳል አንድ ሰዓት ስናወራ ያልተቋረጠ የአሶሳ ኔትወርክ፣ ኦሞራቴ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ብቻ እንዴት እንደሚጠፋ አንተ ታውቃለህ። ደብዳቤ ግን አይዘጋምና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ኦሞራቴ አሸዋ ላይ ያለውን የአባባን መቃብር ካላየሁ ብላ ተነሥታለች። በገና ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣ ቀጠሮ የነበረን ይመስል፣ "ወደ አሸዋው የምትወስጂኝ መቼ ነው?" አለችኝ። ጉልበቷ ገበያ አድርሶ የማይመልሳት ሴትዮ! ደነገጥኩ፤ ግን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያላነሣችውን ነገር ስትጠይቀኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ስለዚህ ማቀድ ጀመርኩ። ዘውዴን ታስታውሰዋለህ፣ ስምንተኛ ክፍል ከአንተ ጋር የተማረው፤ አሁን በላንድክሩዘር ቱሪስት ያመላልሳል። ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን የአራት ቀን ጉዞ አወጣን። ማክሰኞ የካቲት 5 በጠዋት ከጂንካ ተነሥተን፣ በቀይ አፈር አልፈን፣ ዲመካ ገበያው ላይ እግራችንን አፍታተን ቱርሚ እናድራለን። ረቡዕ ኦሞራቴ እንገባለን። ሐሙስ በማለዳ አሁን የተሠራውን የኦሞ ድልድይ ተሻግረን ፀሐይ ሳትበረታ አሸዋው ላይ እንደርሳለን፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እግር አያስረግጥም ይላል ዘውዴ። ዓርብ መመለስ ነው። አካፋ ይያዛል፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይያዛል፣ አሸዋው ጋ ሲደረስ የጎማው ነፋስ ይቀነሳል፣ ለእማዬ ጉልበት ትራስ ይደረጋል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ከዳይሬክተራችን ከገዘር ፈቃድ መለመንም የለብኝም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር።

ግራ የገባኝ መቃብሩ የት ነው የሚለው ላይ ስንደርስ ነው። አባባ ለከብት ክትባት በተመደበበት ልትጠይቀው ሄደህ፣ ወባው ገድሎት፣ ኦሞ ሞልቶ አስከሬኑን ማሻገር ሲያቅታችሁ፣ እዚያው ማዶ ቀብረኸው ስትመለስ የጻፍካት ወረቀት አለች አይደል? እማዬ በመዝሙር ደብተሯ ውስጥ አኑራታለች። "ከትልቁ የአሸዋ ኮረብታ ሥር፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል፣ ስልሳ እርምጃ" ትላለች። እኛ የአሪ ልጆች መቼም ቤታችሁ የት ነው ስንባል የምንጠቁመው ኮረብታ ነው፤ የትም አይሄድብንማ። እኔም ወረቀትህን አምኜ ደብተር ላይ ካርታ ሳልኩ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበርና እርምጃህ ስንት ክንድ እንደሚሆን ሳይቀር በግቢያችን ለካሁ።

ባለፈው ሳምንት ዘውዴ ፈረንጆች ይዞ ወደዚያ ሲወርድ የወረቀቷን ግልባጭ ሰጥቼ ቀድመህ እይልኝ አልኩት። ትልቁ ኮረብታ የትኛው እንደሆነ ጠፋው፤ ሦስት ትልልቅ ናቸው። የአባባ አስተርጓሚ የነበሩትን የዳሰነች ሽማግሌ አፈላልጎ አገኛቸውና አነበበላቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አዘኑ አለኝ። "የየትኛው ዓመት ኮረብታ ነው የምትጠይቀኝ? ያን ኮረብታ ነፋስ ሠራው፣ ነፋስ ወሰደው። እኛ አሸዋ ምልክት አናደርግም። ልጁ ግን እያለቀሰ እርምጃ ሲቆጥር አየሁት፤ ያን ጊዜ እንዴት ልንገረው?" አሉት።

ይህን ለእማዬ በምን አፌ ልንገራት ብዬ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። ስነግራት በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "አውቃለሁ" አለችኝ። ለካስ ሽማግሌው ከሰባት ዓመት በፊት ለስብሰባ ጂንካ መጥተው ቤት ድረስ ገብተው ነግረዋታል! ታዲያ ምን ልናይ ነው የምንሄደው ስላት፣ "ባሮክ ያገኘዋል" አለች። ነፋስ የወሰደውን ባሮክ ከየት ያመጣዋል ስላት ተቆጥታ በቆሎዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እርጅና አእምሮዋን ነካው ብዬ ፈራሁ። ግን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ዕድሜ በወር ቆጥራ የምትነግርህ ሴት ናት። በማግስቱ ጉዞውን ልሰርዘው ስል ደግሞ አለቀሰች። ውሉ ጠፋብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያን ቀን እያሰብኩ ነው። ከኦሞራቴ የተመለስክ ቀን እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እማዬ እንኳን ደኅና ገባህ ሳትልህ፣ "አባትህን የት ጥለኸው ነው ብቻህን የመጣኸው?" አለችህ። አንተ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ሦስት ዓመት በአንድ ቤት ስትኖሩ ያን ቃል እሷ አላነሣችም፣ አንተም አላነሣህም፤ ከዚያ ወደ አሶሳ ሄድክ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነህ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለዚህም አዝናለሁ።

ትናንት ዘውዴ የተጓዦቹን ስም ለመኪናው ማኅበር ሊያስመዘግብ መጣ። ሁለት ስም ልጽፍለት ስል እማዬ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው። በዚያ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈቷ፣ አንዱን ፊደል ካንዱ እያራራቀች፣ ከራሷ ጀምራ አምስት ስም ጻፈች፦ ትርፌ፣ ኢየሩሳሌም፣ ባሮክ፣ ሃዊ፣ ምህረት። ከዚያ ዘውዴን፣ "የአራት ዓመት ልጅ የአሸዋውን ሙቀት ትችለዋለች?" ብላ ጠየቀችው። ዘውዴ እኔን አየኝ።

እኔ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ። መቃብር ፍለጋ ነው የምንሄደው ወይስ ሌላ፣ ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። የማውቀው መኪናው ማክሰኞ የካቲት 5 እንደሚነሣና አንተ በዋዜማው ሰኞ ጂንካ መግባት እንዳለብህ ብቻ ነው። ና በቃ። ናፍቀኸኛል።

ለሃዊ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ፊቷን ሳላይ እንደምወዳት ንገራት። ምህረትን ጉንጯን ሳምልኝ። ዘውዴም ሰላም ብሎሃል። እማዬን ምን ልጻፍልሽ ስላት "ሰላም በይልኝ" ብቻ ብላ ወጣች። ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና፣ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት በይው" አለችኝ።

እህትህ ኢየሩሳሌም
ጂንካ፣ እሑድ ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.