የጓሮው ቼስትነት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኖቬምበር 2012

ሱሀይላ ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ዶሃ ላይ ከደግ ሰው ይጣልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትሽ ሰሀር መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ።

ከትምህርት ቤት ችግኙን ያመጣሽው የቼስትነት ዛፍ ሞተ። ካቻምና ለአረፋ አባትሽ የበጉን መስቀያ ምስማር ሲመታበት፣ "አባዬ፣ ዛፉን አታቁስለው" ብለሽው ነበር። ቼስትነትን የሚገድል ሻጋታ በዚያው ቁስል ገባ። ቅርፊቱ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አወጣና ተሰነጣጠቀ። ዛፍ የሚያክመው ሰውዬ፣ "የታመመውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ፤ መጋዙን በአልኮል ጥረጉ፤ የግንዱን ቁስል ከዛፉ ሥር በወጣ ጭቃ ለጥፋችሁ በላስቲክ እሰሩት" አለን። አባትሽ ሁሉንም አደረገ። ሰመሩን ሙሉ ከሥራ ሲገባ ልብሱን ሳይቀይር ጭቃውን ሊያረጥብ ይወጣ ነበር። ቁስሉ ግን ግንዱን ዞሮ ገጠመ፤ አስቆረጥነው። ሥሩ ገና ያቆጠቁጣል፣ ከፍ ሲል ግን በሽታው ይመለስበታል አሉን።

ዘንድሮ በጉን ቄራ ወስደን አሳረድን። አባትሽ ሥጋውን አልቀመሰም።

አላህ በሰላም ያገናኘን። አባትሽ ሲደውልልሽ፣ "ዛፍሽን የሰሞኑ ንፋስ ጣለው" ይልሻል። እባክሽ ልጄ፣ እንዳመነ ሰው ሁኚለት።

እናትሽ ሙፈሪሓት