የሠርግ ጥሪ ወረቀቶቼን ውሃ አጠጥተው ስላበቀሉልኝ

ይድረስ ለተከበሩ የዕፅዋትና የዘር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

የልጅ ልጄን የሠርግ ጥሪ ወረቀቶች ያዙብኝ፤ ትሪ ላይ ዘረጓቸው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጡ አበቀሉብኝ።

ዋናውን ነገር ካስቀደምሁ ዘንድ አሁን ወደ ሰላምታው እመለሳለሁ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተንጣለለው ያ ትልቅ መጋረጃ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የባሰበት ከመስኮት ቁጥር ሁለት ወደ መስኮት ቁጥር አምስት ስመላለስ ስለሆነ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ነው ማለት ይቻላልና በክብር ይመዝገብልኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የምጽፈው በፖስታ የታሸገ ነገር እጅዎ ሲገባ ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው። ግልጽ ደብዳቤ የሚከፈት ነገር የለውም።

እርስዎ ጉዳዩን ጠንቅቀው ቢያውቁትም፣ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል ከመነሻው ልጀምር። የልጅ ልጄን ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ነን። ልታገባ ስትል ሙሽራው የሚሠራው በአንድ አገር፣ ወላጆቹ የሚኖሩት በሌላ አገር፣ እኛ ደግሞ እዚህ ሆንን፤ ስለዚህ ልጆቹ ተማክረው ሠርጉ ከሁለቱም ወገን አንድም ዘመድ በሌለባት፣ ሁሉም ሰው እኩል ተቸግሮ በሚደርስባት አንዲት ደሴት ላይ እንዲሆን ወሰኑ። ሠርግ የሚደገሰው ሰው ባለበት ነው ብዬ ተከራከርሁ። «አባባ፣ አሁን እንዲህ ነው የሚደረገው» ብላ አቀፈችኝና ክርክሩ በዚያው ተዘጋ። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቅሁም፤ የጥሪውን ወረቀት የምሠራው እኔ ነኝ አልሁ። የማትረታበት ክርክር እንደሆነ ስለምታውቅ አልሞከረችም።

ዕድሜዬን በር ስሠራ የኖርሁ አናጺ ነኝ። ወረቀት መሥራት ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደልም ያስተማረኝ የለም፤ ሁለቱንም ራሴው ነኝ ታግዬ የያዝኋቸው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የልጅቷን የትምህርት ቤት ደብተሮች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድም ሳትጥል በሳጥን አስቀምጣ ነበር። እነርሱን ቀድጄ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዘፈዘፍሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጁስ ሠርቶ በማያውቀው የጁስ መፍጫችን ፈጨሁ፤ በእንጨት ክፈፍ ላይ በወጠርሁት ወንፊት አጠለልሁ፤ ፎጣ ላይ ገልብጬ፣ በበር ሳንቃ ተጭኜ አደረቅሁ። የመጀመሪያው እንደ ቂጣ ተሰባበረ፤ ሁለተኛው ፎጣውን አልለቅም አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተግባባን። የመምህሯ ቀይ እርማት ከመብዛቱ የተነሣ ወረቀቱ ሮዝ መልክ አወጣ። ልጅቷ «አባባ፣ ይህን የመሰለ ቀለም ከየት አመጣኸው?» ብላ ተደነቀች። ከሂሳብ ደብተርሽ ነው አልኋት።

በወረቀቱ ውስጥ ባለቤቴ በመስኮታችን ሥር ትተክለው የነበረውን የቢጫ አበባ ዘር በተንሁበት። ሐሳቡ ጥሪው የደረሰው ሰው ከሠርጉ በኋላ ወረቀቱን አፈር አልብሶ ውሃ ቢያጠጣው፣ በሄደበት አገር ሁሉ የእሷ አበባ እንዲወጣ ነው። ከሠርጉ በኋላ ነው ያልሁት፣ ክቡርነትዎ።

የሰፈሩን ጥሪ በእጄ አደልሁ። ከድንበር ውጭ ላሉት በፖስታ መላክ ግድ ሆነ፤ ከእነዚህም አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። ከአባታችን ልጆች የቀረነው እትዬና እኔ ነን። የልጅ ልጄ በማዕዱ ላይ በሴት አያቷ ቦታ፣ በቀኟ በኩል የምትቀመጠው እትዬ እንድትሆን ወስና ነበር፤ እሷ ካልመጣች ወንበሩ ባዶውን ይቀመጥ አለች። እኔን ግትር የሚሉኝ ሰዎች እትዬን ያላዩ ናቸው። እትዬ ወረቀት ካልደረሳት ሠርግ አትሄድም፤ ሄዳም አታውቅ። ልጅቷ ለጥንቃቄ ብላ የጥሪውን ፎቶ በስልክ ብትልክላት፣ የመለሰችው መልስ ይህ ነበር፦ «በስልክ የሚጠራው ታክሲ ነው።»

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በየተራቸው አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ በፖስታ ቤት ፖስታዎቹን እፊቴ ከፍተው ወረቀቱን ወደ መብራት አንሥተው ያዩትን ተቆጣጣሪዎን ላመሰግን እወዳለሁ። ዓይናቸው የተባረከ ነው። ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ የሠርግ ጥሪ ነው አልኋቸው። «ታዲያ ሠርግ ውስጥ ዘር ምን ይሠራል?» አሉኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ሠርግ ለምን እንደሚደረግ የሚያስረዳቸው ሰው አለማግኘታቸው አሳዝኖኛል፤ ጽሕፈት ቤትዎ አጭር ሥልጠና ቢያዘጋጅላቸው መልካም ነው።

፪. ወረቀቶቹን ለማስለቀቅ ጽሕፈት ቤትዎ ብመጣ፣ በመስኮት ቁጥር ሁለት ያለችው እመቤት «አባት፣ ዘር ከሆነ መስኮት አምስት ነው» አለችኝ። በመስኮት ቁጥር አምስት ያለው ጎልማሳ ደግሞ «አባቴ፣ ይሄማ ወረቀት ነው፣ መስኮት ሁለት ይጠይቁ» አለኝ። ሁለቱም አባት ብለውኛልና በአስተዳደጋቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሕንፃውን እየዞርሁ በአንዱ በኩል ስወጣ በሌላው በኩል ስገባ ዋልሁ። በመጨረሻ የውስጡ በር በነፋስ ተከፍቶ ሳይ፣ ሁለቱ ለካ በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። አንዳቸው አንገታቸውን ቢያዞሩ ኖሮ የእኔ ጉልበት ይተርፍ ነበር። የበሩ ማጠፊያ ላልቶ ሲጢጥ ማለቱ ስለሰለቸኝ፣ ስጠብቅ በኪስ ቢላዬ አጥብቄዋለሁ። ምስጋና አያስፈልግም፤ ማንም አላመሰገነኝምና ሥርዓቱ አልተጓደለም።

፫. ከዚያ በቢሮዎ ተቀበሉኝ። ውሃም አስቀረቡልኝ፤ ውሃ እንደሚወዱ በዚያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። የአበባውን ስም ጠየቁኝ። እኔ የእንጨት ሰው ነኝ፤ ሳይንሳዊ ስሙን አላውቅም፤ እኛ ቤት «የእሷ አበባ» ነው የሚባለው አልሁዎት። እርስዎም ብዕርዎን አንሥተው «ስሙ የማይታወቅ» ብለው ጻፉ፤ ምንነቱ እስኪለይ ድረስም እንዲበቅል አዘዙ። በዚህ ላይ ብዙ መናገር እችል ነበር። አልናገርም። የማይታወቅ ማለት እርስዎ የማያውቁት ማለት እንደሆነ ግን ተረድቻለሁ።

፬. አራተኛውን ቅሬታ የልጅ ልጄ አንብባ «አባባ፣ የሰው ቦርጭ በደብዳቤ አይጻፍም» ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩ ግን በቦታው ይቆይ።

፭. አሁን ወደ እርሻዎ እመጣለሁ። ነጭ ጋዋን የለበሱት ባለሙያዎ እየተፍለቀለቁ ወደ ማብቀያው ክፍል ወሰዱኝ። ጥሪዎቼ በብረት ትሪ ላይ፣ ከመብራት ሥር፣ በእርጥብ ጥጥ ላይ ተኝተዋል። ቀለሙ ሟሙቷል፤ ከሙሽራዋ ስም መካከል አንድ ቡቃያ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ የሙሽራው ስም ያለበት ሙሉ በሙሉ ሣር ሆኗል። ባለሙያዎ «አባባ፣ ይዩልኝ፣ አንድም የከሸፈ የለም!» አሉኝ። እውነት ለመናገር እንክብካቤው የሚያስቀና ነው፤ እኔ በልጅነቴ እንዲያ ተይዤ ብሆን ኖሮ ቁመቴ ሌላ ነበር። ከዚያም ዘሩ ምንም ጉዳት የሌለው መሆኑ ተረጋግጧልና ይላኩት ተባልሁ። ልልከው ስል ደግሞ አሁን ዘር መሆኑ ቀርቶ ተክል ስለሆነ፣ የተክል ፈቃድ ከመስኮት ቁጥር ሰባት እንዳወጣ ተነገረኝ። ክቡርነትዎ፣ ዘር ሆኖ ያስገባሁትን ተክል ያደረገው ማን ነው? ብቆይ ኖሮ ደን ሆኗል ተብዬ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እመራ ነበር።

ሌላ የጥሪ ወረቀት ሥራ ያሉኝ ሰዎች አልታጡም። በምን ልሥራ? ደብተሮቹ አልቀዋል። ልጅቷን እንደገና አንደኛ ክፍል አላስገባት ነገር።

፮. የመጨረሻው ቅሬታዬ ከሁሉም የከፋው ነው። በደንባችሁ መሠረት ዕቃው የተያዘበት ተቀባይ ሁሉ እንዲያውቀው ይደረጋል አሉና፣ ውጭ አገር ላሉት ተጋባዦች ለእያንዳንዳቸው በጽሕፈት ቤትዎ ስም ደብዳቤ ላኩ። የሙሽራው እናት ደንግጠው «ሠርጉ ተወረሰ እንዴ?» እያሉ ደወሉ። ሌሎቹ ደውለው ሳቁ። ከእትዬ ግን ምንም አልተሰማም። በቃ፣ ተቀይማለች አልሁ፤ ልጅቷም ከሙሽራው ጋር የወንበሩን ነገር በሹክሹክታ ተነጋገረች። ባዶውን ይቀመጥ የሚለውን ግን አልቀየረችም። በእኔ ወጥታለች።

ደሴቲቱ ላይ ደረስን። አሸዋው ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ የምለው የለኝም። ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በሙሽራዋ ቀኝ ባዶውን ቆመ። ሰው ሁሉ ላለማየት ሌላ ሌላውን ያይ ነበር። ልንጀምር ስንል አንዲት ጀልባ ጠረፉን ነካች፤ ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አንዲት አሮጊት አወረዱ። ምርኩዟን ከማየቴ በፊት ድምፅዋን ሰማሁ፤ ጎረምሶቹን «ቀስ በሉ፣ ወረቀቴን እንዳታረጥቡብኝ!» እያለች ትቆጣለች። በእጇ የያዘችው፣ በላስቲክ የተሸፈነው፣ የእርስዎ ደብዳቤ ነው።

እትዬ ሰላም እንኳ ሳትለን መነጽሯን አደረገችና ለእንግዳው ሁሉ አነበበችው፦ «በስምዎ የተላከው፣ በተጠቀሰው ቀን በተጠቀሰው ደሴት ለሚፈጸመው ሠርግ የተዘጋጀ የጥሪ ወረቀት በጽሕፈት ቤታችን በቅሎ የሚገኝ መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን።» ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ፊርማ አለው፤ ማኅተሙ ከሳንቲም ይተልቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ሚስማር፣» አለችኝ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ወንድሜ ሆነህ አንድ ቀን ማኅተም ያለው ወረቀት ልከህልኝ ታውቃለህ? ይሄን ያህል ሥርዓት ያለው ሰው እያለ አንተን ማን ጥራ አለህ?»

ከዚያም ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የልጅ ልጄ እያለቀሰች ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች፤ የለበሰችው ነጭ ቀሚስ ምን እንደሆነ አላስታውስም፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ነበር። እንግዶቹ ተራ ይዘው ከደብዳቤዎ ጋር ፎቶ ተነሡ። በማዕዱ መጨረሻ እትዬ ብርጭቆዋን አንሥታ የጠጣችው ለክቡርነትዎ ጤና ነው። በሳፋ የዘፈዘፍሁት፣ በወንፊት ያጠለልሁት፣ በሳንቃ የተጫንሁት ወረቀት በዚያ ምሽት በማንም አፍ አልተነሣም። ይህ ነው ቅሬታዬ። በገዛ የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ጠሪው እርስዎ ሆኑ።

ስለዚህ ሥራዬን ስላጠፉልኝ፣ ጉልበቴን ስላደከሙልኝ፣ በመጨረሻም ሳያስቡት፣ ሳይፈልጉት፣ ምናልባትም ሳያነቡት በፈረሙት አንድ ገጽ እህቴን ስላመጡልኝ፣ ልክ በልኩ ተመዝኖ የሚገባዎት ምስጋና ይድረስዎ። የሚገባዎት ምን ያህል እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ መጋረጃዎ እንዳይደበዝዝ፣ በማብቀያ ክፍልዎ ያለው ውሃም እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ በተለመደው ትሕትናዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
አንዴ ከገባበት የማይነቀል ነው ብለው የሰፈሩ ሰዎች ጋሽ ሚስማር የሚሉኝ፣ በር ሠሪው አናጺ

ማስታወሻ፦ ያበቀሏቸውን አበቦች በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ እንዳስተከሏቸው ሰምቼ ሄጄ አይቻለሁ። ለማየት ነው የሄድሁት፤ ለዕርቅ አይደለም። የተተከሉት ጥላ ቦታ ነው። ባለቤቴ የምትተክላቸው የጠዋት ፀሐይ በሚያገኛቸው በኩል ነበርና ያዛውሯቸው። አጠገባቸው «ስሙ የማይታወቅ» የሚል ካርቶን ቆሟል፤ እርሱን ያንሡልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጄ የጠረብሁት ትንሽ ሰሌዳ ልኬልዎታለሁ፤ የባለቤቴ ስም ተቀርጾበታል፤ የአበባው ስም እርሱ ነው። እንጨቱ ደረቅ ስለሆነ ውሃ ቢያጠጡት አይበቅልም፤ መሞከር ግን መብትዎ ነው። እኔ ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ፣ እትዬ እንኳ ብትጠይቀኝ፣ አንድ ቃል አልናገርም።