ሳያልቅ የተመታው የመዝጊያ ከበሮ

ለክለባችን የሴቶች እግር ኳስ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቅዳሜው አቻ በኋላ

አመልካች፦ የግብ ጠባቂያችን እናት፣ የቀድሞዋ ከበሮ መቺ

ጉዳዩ፦ በታናሽ እህቴ ላይ የተጣለው የሜዳ እገዳ እንዲነሣና የከበሮው ነገር መልክ እንዲይዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በላውንደሪ ቤት ልብስ እየተኮስኩ የምተዳደር፣ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ልጄን ክቡርነትዎ በሚገባ ያውቋታል፤ የቡድናችን ግብ ጠባቂ ናት። ቡድኑ ሲመሠረት፣ ተመልካች የሚባለው የተጫዋች እናትና ከዝናብ የተጠለለ መንገደኛ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ከጎሉ ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ቆሜ ከበሮ የመታሁት እኔ ነኝ። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። ትንሽ ለመመጻደቅም ቢሆን የሠራሁት ነውና ይፈቀድልኝ።

2. ክቡርነትዎ ወደዚህ ቢሮ የመጡት በቅርቡ ስለሆነ የከበሮውን ሥርዓት ላስረዳ። የሜዳችን የሰዓት ሰሌዳ ከተበላሸ ቆይቷል። ሕዝቡ ሲጮህ ደግሞ የዳኛ ፊሽካ በደንብ አይሰማም። ስለዚህ እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው አድርጌ፣ ዓይኔን ከዳኛዋ እጅ ሳልነቅል እቆማለሁ፤ የመጨረሻው ፊሽካ ተነፍቶ እጇ ወደ መሐል ሜዳ ሲያመለክት ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር እመታለሁ። ይህን ምት ደጋፊው «መዝጊያ» ይለዋል፤ እኔንም በዚሁ ምክንያት «ሰዓቷ» ይሉኝ ነበር። መዝጊያ ሲመታ ተጫዋቾቻችን እጃቸውን ያነሣሉ፣ ተቀያሪዎቹ ውሃ ይዘው ይሮጣሉ፣ ዘበኛው በሩን ይከፍታል።

ልጄ ደግሞ አንድ እጇን ከነጓንቱ ወደ ግንቡ ከፍ ታደርጋለች። ያ ጓንት የሚነሣው ለእኔ ነው። እኛ ቤት ብዙ ወሬ የለም። እሷ ከልምምድ ደክማ ትመጣለች፣ እኔ ከእንፋሎት ውስጥ ወጥቼ እመጣለሁ፣ «በላሽ?» «በላሁ» ተባብለን እንተኛለን። የሳምንቱን ጨዋታችንን የምንጨርሰው በዚያ ጓንት ነው።

3. የዛሬ ሁለት ወር ገደማ የካውያው እንፋሎት ቀኝ እጄን ከጣት እስከ ክንድ አቃጠለኝ። ሐኪሙ እጄን ጠቅልሎ፣ እንኳን ከበሮ ልመታ ማንኪያ እንዳልይዝ ከለከለኝ። ቡድናችን ያለ ከበሮ እንዳይጫወት ብዬ ከበሮውን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ስሰጣት «እስኪሻለኝ ነው» ብያታለሁ፤ እሷም «እትዬ፣ የአንቺን ቦታ ደግሞ ማን ይደፍራል!» ብላኛለች። የደጋፊዎች ማኅበር ሰብሳቢ የሆነው ባለጎሚስታ አጠገባችን ስለነበር ምስክሬ ነው።

4. የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ እህቴና እኔ በምንም አንገናኝም። እኔ የምመታው ወደ ሜዳ ዞሬ ነው፤ እሷ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረች። ትስቃለች፣ ትወዛወዛለች፣ ከበሮው ላይም ቀይ ሪባን አሰረችበት። ሕዝቡ አበደ። የሴቶች ኳስ ሲባል ከንፈሩን ይመጥ የነበረ ሰው ሁሉ እሷን ለማየት መጉረፍ ጀመረ። «ድምቀት» የሚል ስምም ወጣላት።

እጄ ድኖ ፋሻው ሲፈታ ከበሮዬን ልረከብ ሄድኩ። ባለጎሚስታው ጎማ ከሚለጥፍበት ቀና እንኳ ሳይል «እናቴ፣ አሁን እኮ ደጋፊው ለምዷታል፤ አንቺ ዕረፊ» አለኝ። ዕረፊ! ሰዓትን ዕረፊ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። እህቴ ጋ ሄድኩ። የደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች «እትዬ፣ እኔ ልሙት አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ናቸው አትሂጂብን ያሉኝ» አለችኝ። አልዋሸችኝም። ፊቷ ግን ደስ ብሎት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አቤቱታ ላይ ስሜት አይጻፍም ይባላል። እኔ ግን ቀንቻለሁ፤ ቅናት አንጀቴን አሳርሮታል። የቀናሁት በጭብጨባው አይደለም። በሪባኑም አይደለም፤ ለሪባንማ ላውንደሪ ቤታችን ሞልቷል። ልጄ ጓንቷን ለእሷ ስታነሣ ስላየሁ ነው። ያን ቀን እኔ በሩ አጠገብ፣ ከመኪና ጠባቂው ጎን ቆሜ ነበር። መዝጊያ ተመታ፣ ጓንቱ ተነሣ፣ ወደ ግንቡ። በር ላይ የተገተረችውን እናት ማን አይቷት! ቤት ስንገናኝ ልጄ በደስታ «እማዬ፣ አክስቴ ዛሬ እንዴት እንደመታች ሰማሽ?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። ከዚያ ሳህን ሳጥብ አንዱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ፤ እጄ ገና አልጠናም ብዬ አሳበብኩ።

5. ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ቅዳሜ የገጠመን ቡድን የደረጃው ግርጌ ላይ የተኛ ነው። ብናሸንፍ አንደኛ ነበርን። እንደ ደጋፊ የተሰማኝን ልናገር ከተፈቀደልኝ፣ ጨዋታው ከመጀመሪያውም አላማረኝም። አጥቂዎቻችን ጎል አፍ ላይ ደርሰው «አንቺ ምቺ፣ አንቺ ምቺ» እየተባባሉ ኳሱን እንደ ምርቃት ተቀባበሉት። እንደምንም ሁለት አገባን፤ አንድ ገባብን። ቢሆንም እየመራን የባከነው ሰዓት ተጀመረ፣ ሕዝቡም ቆሞ መዝፈን ያዘ።

በዚህ መሐል ከግንቡ ኋላ ባለው መኪና ማቆሚያ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ፣ መኪና ጠባቂው ፊሽካውን ረጅም አድርጎ ነፋ። በኋላ ስጠይቀው «ሴትዮ፣ ግንቡን ሊንድብኝ ሲል ዝም ልበል? የኳሱን ነገር እኔ ምን አውቄ!» አለኝ። እህቴ ጀርባዋ ወደ ሜዳ ነው። ፊሽካውን ሰማች፤ የዳኛዋን እጅ አላየችም። መዝጊያን መታች። ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ነከሰ የሚባለው ይህ ነው።

ተከላካዮቻችን ቆሙ። አምበላችን እጇን አነሣች። ልጄም አንድ እጇን ከነጓንቱ አነሣች፣ ወደ ግንቡ ዞራ፣ ወደ እህቴ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ «ገና ነው! ገና ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ከበሮ ባለበት የአንዲት ሴት ጉሮሮ የት ይደርሳል? የእንግዳዎቹ የቀኝ ክንፍ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ የእኛን የከበሮ ሥርዓት አታውቅምና ሩጫዋን አላቆመችም። ኳሱን በእግሯ ጎን ገፋ አደረገችው። ጠንካራ ምት እንኳ አልነበረም፤ እየተንከባለለ በልጄ ጀርባ አልፎ ገባ። ሁለት ለሁለት። ወዲያው እውነተኛው ፊሽካ ተነፋ። መዝጊያን የሚመታ ሰው ግን አልነበረም። ሲያሸንፉ ይጨፈራል፣ ሲሸነፉ ይለቀሳል፤ አቻ ሲወጡ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

አሁን የምጽፈውን ክቡርነትዎ ለብቻዎ ያንብቡት። ኳሱ መረቡን ሲነካ ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ግን ደስ አለኝ። የገባው በልጄ ላይ ነው። ከዚያ ልጄ ጓንቷን አውልቃ መሬት ላይ ስትጥለው አየሁ፤ ደስታዬም እዚያው ቀረ።

6. ሰኞ ጠዋት በክለቡ በር ላይ፣ በክቡርነትዎ ፊርማ፣ ከበሮ መቺዋ እስከ ውድድሩ ማብቂያ ሜዳ እንዳትገባ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ድምቀት፣ ድምቀት» ሲል የነበረ አፍ ሁሉ «ድሮስ ከፀጉር ሠሪ!» አለ። ባለጎሚስታው ራሱ ከበሮውን ታቅፎ እቤቴ ድረስ መጣና «ሰዓታችን፣ ያለ አንቺ ሆኖልን አያውቅም» አለኝ። በር ላይ ተቀብዬው፣ ግባ ሳልለው ሸኘሁት። ሪባኑን ፈትቼ ጣልኩት። የማክሰኞው ልምምድ እስኪደርስ ልቤ አላረፈም።

7. ማክሰኞ በድሮ ቦታዬ ቆምኩ። አሠልጣኟ አጨብጭባ ልምምዱ ማለቁን ስታሳይ መዝጊያን መታሁ፤ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር፣ ዝንፍ ሳይል። ሁሉም እጃቸውን አነሡ። ልጄ አላነሣችም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች፤ ክሩ የታሰረ ነበር። ደግሜ መታሁ። መዝጊያ ሁለት ጊዜ አይመታም፤ እኔ ግን መታሁ። ቦርሳዋን አንሥታ በወዲያኛው በር ወጣች።

ቤት ስደርስ ጓንቷን አጥባ ገመድ ላይ እያሰጣች አገኘኋት። «ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«ምንም አላጠፋሽም። አንቺ ትክክል ነው የምትመቺው» አለች። መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ጓንቱን ያዘችበትና «ጎሉ የገባው በእኔ ነው እማዬ። ዳኛዋን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። የተባረረችው ግን አክስቴ ናት። ቅዳሜ እጫወታለሁ፤ እሷ ሜዳ ካልገባች ግን ጓንት አላነሣም፤ ለማንም» አለችኝ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለቷ ነው። እንግዲህ ልጄ ግቡን አልተወችም፤ ለክለቡ ይህ ይበቃው ይሆናል። ለእኔ አይበቃኝም።

8. ትናንት ከሥራ ስወጣ እህቴ ጋ ሄድኩ። ቤቱ ክፍት ነው፤ ደንበኛ ግን የለም። ደንበኞቿ የደጋፊዎቹ ሚስቶችና እህቶች ስለሆኑ ከቅዳሜ ወዲህ ዝር አላሉም። የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ አጥፍታ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሷ ተቀምጣ መስታወቱን ታያለች። ልሰድባት ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ሳብላላው የመጣሁት ስድብ ነበረኝ። እሷ ግን ቀድማኝ «እትዬ፣ እስቲ እጅሽን» አለችና ወንበሩን ለቀቀችልኝ፤ ጠባሳዬን ቅባት ቀባችው።

እየቀባችኝ «እኔ ከበሮውን የወደድኩት ሰው ስለሚያየኝ ነው፤ እግዜር ያሳይሽ፣ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም» አለች። ቀጥላም «አንቺ ግን ያን ሁሉ ዘመን ጀርባሽን ለሰው ሰጥተሽ፣ ማንም ሳያይሽ፣ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ። መልሱን የምታውቀው ይመስለኛል፤ ጓንቱ ሲነሣላት ሰንብቷልና።

ስድቤን እንደያዝኩ ተመለስኩ። አሁንም አለኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጨዋታ በፊት ምላሽ እንዲሰጡኝ እየለመንኩ የሚከተለውን በትህትና እጠይቃለሁ፦

ሀ/ በእህቴ ላይ የተጣለው እገዳ ይነሣ። ይህን የምለው ታርቀን አይደለም፤ አልታረቅንም። በማስታወቂያ የተሸነፈችን እህት እኔ አሸነፍኳት ማለት ስለማልችል ነው። ጥፋት ይቆጠር ከተባለ ደግሞ ያልተጠገነው የሰዓት ሰሌዳ፣ ጎል አፍ ላይ የተግደረደሩት አጥቂዎች፣ ቡድኑን በዳኛ ፈንታ ከበሮ እንዲሰማ ያስለመድኩት እኔም ድርሻ አለን።

ለ/ ከበሮው በእኔ እጅ ይጽና። ያለ ሪባን።

ሐ/ እህቴ ስትገባ ቦታዋ ከግንቡ ሥር፣ ልክ ከእኔ ኋላ ይሁንልኝ። ጎኔ አይሁን፤ ጎኔ ከቆመች ትስቃለች፣ ሕዝቡም እሷን ያያል። በቁመት ስለምትበልጠኝ ራሷ ከትከሻዬ በላይ ብቅ ይላል፤ እሱን ችዬዋለሁ። ቅዳሜ ጨዋታው በእርግጥ አልቆ መዝጊያን ስመታ፣ ልጄ ጓንቷን ወደ ግንቡ ታነሣለች። ፊትና ኋላ ሆነን ከቆምን ለየትኛችን እንዳነሣችው ማንም አይለይም። እኔም ብሆን።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

የግብ ጠባቂዋ እናት
(ፊርማ፣ በዳነው እጅ)