ከአበባው በታች ያሉት አራት መስመሮች

ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት
ከእንግዳ ማረፊያው፣ ሻንጣዬን ዘግቼ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለእሜቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የላቦራቶሪው ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንኳ ከዚህ አገር ደረጃ ጋር ታርቋል። አራት ዓመት ሙሉ ስጽፍልሽ አንድም ቀን አልመለስሽልኝም፤ ይህንንም ሳትከፍቺ መሳቢያ ውስጥ ልትወረውሪው እንደምትችይ አውቃለሁ። ከከፈትሽው ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። አብሮት ያንቺ የሆነ ነገር አለ።

ልታገቢ መሆንሽን አክስትሽ ነግራኛለች። ለእጮኛሽ ቤተሰቦች አባቴ ሞቷል ማለትሽንም ነገረችኝ፤ ልትደብቀኝ ሞክራ ነበር፣ አፏ አላስችል አላት እንጂ። አልዋሽሽም፣ ደሜ ፈላ። ሰው በቁሙ ይቀበራል ወይ ብዬ ያለ ጥፋቷ ጮህኩባት። ይህ የሆነው ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ነው። ንዴቱ አሁንም አለ፤ የምናደደው ግን በሌላ ሰው ላይ ነው።

ትምህርት ቤታችንን የሚረዳው የበጎ አድራጎት ማኅበር ከስንት ዓመት በኋላ ተራዬን አድርሶ ባሕር ማዶ ያለውን እህት ትምህርት ቤታችንን እንድጎበኝ ላከኝ። አንገቴ ላይ “ጎብኚ” የሚል ካርድ አንጠልጥለው ከክፍል ክፍል አዞሩኝ። ወለሉ ምንጣፍ ነው። ልጆቹ መምህራቸውን በስሟ ይጠሯታል፣ እሷም አቤት ትላለች። በሩ አጠገብ ባለቤት ያጣ ካፖርት የሞላበት ትልቅ ሳጥን አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን እንዳይታዘቡት ወደ ጣሪያው አያለሁ። አንዱ ልጅ ትምህርት ቤታችሁ መስኮት አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መስኮቱስ አለ፣ መስታወቱ ነው የቀረው አልኩት። ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በየደረስኩበት አመሰግናለሁ ስል አፌ ደረቀ። ሊያመሰግን የተጠራ ሰው ቅር ያለውን ነገር የሚያነሳበት ሰዓት የለውም።

አሁን የምጽፍልሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን አንድም ቀን በአፌ ብዬልሽ ስለማላውቅ ቢያንስ በእጄ ልጻፈው። ማኅበሩ ትምህርት ቤት የሚረዳው ቢያንስ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ካሉበት ነው አለ። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ቆጠርኩ። አርባኛዋን አጎቷ በዚያው ሰሞን መጥቶ ወስዷት ነበር። ጣሪያው ስለሚያፈስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሁለተኛ ክፍልን ከአራተኛ ክፍል ጋር ደርበን ነበር የምናስተምረው፤ ቅጹ ደግሞ በማግስቱ መላክ ነበረበት። አርባኛው መስመር ላይ ያንቺን ስም ጻፍኩ። እናት፦ በሕይወት የለችም። አባት፦ በሕይወት የለም። አሳዳጊ፦ ርእሰ መምህሩ፣ ማለትም እኔው። ለልጆቹ ስል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እናትሽ ከጓዳ ሆና፣ “እኔንስ ግደለኝ፣ ለራስህ እንኳ አታዝንም?” ብላ ሳቀች። ወረቀት ነው አልኳት።

በሁለተኛው ዓመት፣ እናትሽ አልጋ በያዘች ሰሞን፣ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ ተባልን። እኔ በእነሱ ቋንቋ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ አርባችሁም ትገለብጣላችሁ። “እናቴም አባቴም ሞተዋል፤ እናንተ ግን አላችሁልኝ” ይላል። ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። “አባዬ፣ እማዬ እኮ ቤት ናት” አልሽኝ። ዝም ብለሽ ገልብጪ አልኩሽ። በእርሳስ ጀምረሽ ነበር፤ እርሳስ ይደበዝዛል ብዬ እስክሪብቶ የሰጠሁሽም እኔ ነኝ። ስትመልሺው ወረቀቱ መሃሉ ላይ ተፍቆ ሊበሳ ደርሷል። ምነው አዝረከረክሽው ብዬ ተቆጣሁሽ። ማኅበሩ ሥዕል ስለሚወድ ከታች አበባ ሳዪበት ብዬ ሰጠሁሽ፤ ሥለሽ ስታመጪው ሳላየው አሸግኩት።

ያንን ደብዳቤ ማክሰኞ ዕለት እዚህ አገኘሁት። ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ፣ መስታወት ለብሶ ተሰቅሏል። ከጎኑ ፎቶሽ አለ፤ ከፎቶው ሥር “እናትም አባትም የሌላት” ተብሎ ተጽፏል። ርእሰ መምህርቷ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ፈጣን እርምጃ ያላት ሴት ናት። ልጆቻችን ለምሳ ሲገቡ በዚህች ልጅ ፊት ነው የሚያልፉት አለችኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ከግድግዳው አውርዳ አዳራሽ ይዛኝ ገባች። ሦስት መቶ ልጆች ወለሉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከአበባው በታች በእንግዳ ፊደል የተጻፈው ነገር ምን ይሆን እያልን ስንገምት ኖረናል፣ ዛሬ አንባቢው መጣልን ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አራት መስመር ነው፣ በእኛ ፊደል፣ በእጅሽ የተጻፈ። “እማዬ አልሞተችም፣ አሟት ተኝታ ነው። ሞተች ያልኩት አባዬ ጻፊ ስላለኝ ነው። በእስክሪብቶ ስለሆነ በላጲስ እምቢ አለኝ። እውነት እንዳይሆን እባካችሁ እናንተ አጥፉልኝ።”

አሥራ ሰባት ዓመት በዚያ በር አጠገብ ስትለምኚ ኖረሻል፤ የሚያነብልሽ አልነበረም። ማንበብ የሚችለው ሰው በመጨረሻ መጣና ምን አለ መሰለሽ? ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ ጤና ይስጣችሁ ትላለች አለ። አጨበጨቡ። ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። “ጽሑፉ አራት መስመር ነው” አለች፣ “አንተ ያልከው ግን አጭር ነው።” የእኛ ፊደል ቦታ ይወዳል አልኳት። መምህራኑ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ከዚያ ርእሰ መምህርቷ፣ ያቺን ልጅ ወስዶ ያሳደጋት ይህ ሰው ነው ስትላቸው እንደገና አጨበጨቡ፤ እኔም እጅ ነሳሁ።

በተመረቅሽ ቀንም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ለማኅበሩ እንግዶች፣ “ትምህርት ቤታችን ያሳደጋት ወላጅ አልባ ልጅ ይህቺ ናት” ብዬ ሳስተዋውቅሽ ጋዋንሽን አውልቀሽ ወንበሩ ላይ ትተሽው ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ቤት አልመጣሽም። ኩርፊያ ነው፣ ይበርድላታል እያልኩ አራት ዓመት ቆየሁ።

እናትሽ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ የቆየችው ሦስት ወር ነው። በቀብሯ ዕለት አላለቀስሽም፤ ጠንካራ ልጅ ናት ብዬ ለለቅሶኛው ሁሉ አወራሁ። ትምህርት ቤት ስትመለሺ ወር ሙሉ አልጽፍም አልሽ። ደብተርሽን ባዶውን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ባዶውን ይዘሽ ትወጫለሽ። እኔ ርእሰ መምህሩ ስንፍና ነው ብዬ ክፍሉ ፊት አቆምኩሽ። ልጄ፣ እናትሽን የወሰዳት ሕመሟ ነው። አንቺ የጻፍሽው ምንም አላመጣባትም። ይህንን በዘጠኝ ዓመትሽ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ይህ ፍርሃት በውስጥሽ መኖሩን እንኳ አላወቅሁም፤ ስላልጠየቅሁሽ አላወቅሁም።

ትናንት ጠዋት የርእሰ መምህርቷ ቢሮ ገብቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ መስመሮቹንም እንዳሉ ተረጎምኩላት። በሩን ዘጋችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለዚህስ አመሰግናታለሁ። ቀጥላ ግን የጠየቀችኝ ማኅበሩ ያውቅ እንደሆነ ነው። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ፣ “ልጆቻችን ደግነትን የተማሩት ከዚህች ልጅ ነው” አለች። “ለልጆቹ ስንል እንዳለ እንተወው።” ቃሏን አወቅኋት፤ የራሴ ናት። አውርዱልኝ ብዬ ለመንኳት። በሚቀጥለው ወር የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፣ ግድግዳው ሪፖርታችን ውስጥ ገብቷል አለችኝ። ይልቅ በገዛ እጇ ባለ ቀለም ኮፒ አንስታ ሰጠችኝ። ማሽናቸው ጎበዝ ነው፤ ላጲስሽ የፋቀው ቦታ እንኳ ሳይቀር ወጥቷል። ስወጣ አየሁት፣ ዋናው ወደ ቦታው ተመልሶ ተሰቅሏል። አገር ስገባ ለማኅበሩ እጽፋለሁ። አልፈራም ብዬ አልመጻደቅብሽም፤ እፈራለሁ።

ኮፒው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከፊቴ ዘርግቼው ብዙ ተቀመጥኩ። ስለ እናትሽ የተጻፈውን ልሰርዝልሽ ፈለግሁ፤ ያ ግን አንዴ እውነት ሆኗል፣ አጥፉልኝ ያልሽበት ጊዜ አለፈ። እዚያ ወረቀት ላይ አሁን የቀረው ውሸት አንድ ነው፤ አባቴ ሞቷል የሚለው። እሱንም አልነካሁትም። በመጀመሪያ ያጻፍኩሽ እኔ ነኝ፤ ለአማቶችሽ ስትነግሪያቸው ያስተማርኩሽን ነው የደገምሽው። ሠርግሽ ላይ ልገኝ ብዬ አልጠይቅሽም። ልሰርዘው ካልሽ ሰርዢው፣ ይቆይ ካልሽም ይቆይ። ከእንግዲህ ያንቺን ጽሑፍ አላርምም።

ትዳርሽ ይስመርልሽ፣ ቤትሽ ሳቅ ይሙላበት። እጅሽ የጻፈው ሁሉ ለደግ ይሁንልሽ።

አርባኛውን መስመር የሞላው
አባትሽ