ማረሻ ነው አልኳቸው

ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

በጣሊያኑ መኪና የታች አጽም፣ ሻንሲ በሚሉት ላይ፣ ብረት እየቀጠቀጥኩ ስበይድ ዋልኩ። ድንጋይ ጭኖ ወደ ኋላ የሚገለብጥ ሣጥን ሊቀመጥበት ነው። ድንጋዩ ለምሽጋቸው ነው። ጎረቤቱ በደጄ ሲያልፍ «በርታ» ማለት ከተወ ሰንብቷል።

ዛሬ የንስሐ አባቴ በመቋሚያቸው መንገዱን እየዳበሱ መጡ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የማንን ሥራ እንደያዝኩም የነገራቸው የለም መሰለኝ። የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው ቆሙ።

«እግዜር ያበርታህ ልጄ! ማረሻ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

ምነው ዝም ባልኩ! መስቀላቸውን ወደ ብረቱ አነሡ። «የነካው መሬት ሁሉ ፍሬ ይስጥ» ብለው ባርከውት ሄዱ።

ነገ ያ የተባረከ ብረት ለምሽጉ ድንጋይ ይሸከማል። ይህንንም የምናዘዘው ለእሳቸው ነው።