መርዶሽን ይዤ ቀሚስ መረጥኩ

ውድ ጽጌወይን፣

በርሽን አንኳኩቼ ተመለስኩ። መኪናሽ ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑም ይሰማ ነበር። እውነትሽን ነው፤ እኔም ብሆን አልከፍትም።

እናትሽ ያረፉ ዕለት ወንድምሽ ሐዲስ ከአዲስ አበባ የደወለው ለእኔ ነው። እኔ ለዕድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ወልደማርያም ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ ደንቡ፣ "መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ስትሰማ ትወድቃለች። እሑድ በጠዋት ተሰብስበን ቤቷ እንሄዳለን፤ እስከዚያ አፍሽን ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። ከአንቺ ጋር አንድ ፎቅ ላይ የሆቴሉን አልጋ እያነጠፍኩ፣ በቀልድሽ እየሳቅኩ ያዝኩ።

ሐሙስ ግን "ወደ አገር ቤት ሰው ሊሄድ ነው፤ ለእማዬ ቀሚስ ልላክላት" ብለሽ ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ካለው የልብስ ሱቅ ወሰድሽኝ። ሰማያዊና ቡናማ አንስተሽ "የቱ ያምርባታል?" አልሽኝ። አፈር በበላሁ! "ሰማያዊው" አልኩሽ። "ከስታለች አሉ፣ አይሰፋትም?" ስትዪኝ ደግሞ ጨርቁን እየዳሰስኩ "ያስጠብቡታል" አልኩሽ። ምን ዓይነት ጉድ ነኝ፣ ጽጌ?

ልጄ ሐሌሉያ አጠገባችን ቆማ ነበር። አላስቻላትም። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "አንቲ ጽጌ፣ ሶሪ። እናትሽ ሞቷል። ማማ ያውቃል" አለችሽ። ቀሚሱ ከእጅሽ ወደቀ። ያየሽው ግን እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው።

መኪና ውስጥ ጮህኩባት። ሱፐርቫይዘራችን ምስጢር ያወጣን ሰው "ባቄላውን ደፋው" ይል የለ? እሱኑ በእንግሊዝኛ ወረወርኩባት። ቤት ስንገባ ስልኳን ከፍታ የአባባሉን አመጣጥ ታነብልኝ ጀመር። የጥንት ግሪኮች ድምፅ ሲሰጡ ነጭና ጥቁር ባቄላ ማሰሮ ውስጥ ይጥሉ ነበር አሉ፤ ነጩ እሺ፣ ጥቁሩ እምቢ። ቆጠራው ሳይደርስ ማሰሮውን የደፋ ሰው ጉዱን አወጣ ማለት ነው። እሱም ተረት ሳይሆን አይቀርም፤ አባባሉ እዚሁ አሜሪካ የተሰማው ከመቶ ምናምን ዓመት ወዲህ ነው አለችኝ። ቀና ብላ ደግሞ፣ "ማማ፣ ባቄላው ግን የማን ነው? የአንቲ ጽጌ ነው። አንቺ የሷን ደበቅሽ" አለችኝ። የወለድኳት ልጅ ፊት መግቢያ አጣሁ።

ለቅሶሽ ላይ ጥግ ይዤ ተቀምጬ የገባውን ሁሉ ስትጠይቂ ሰማሁሽ። "ጠርታኝ ነበር?" ትያለሽ። እነሱም "ኧረ በሰላም ነው ያረፉት፤ እንቅልፍ ነው የወሰዳቸው" ይሉሻል። አቶ ወልደማርያም ግን እውነቱን ስነግራቸው "ይሄ አይነገራትም፤ ጸጸት ይሆንባታል" ብለውኛል። ለአንቺ አዝነው ነው። እኔ ግን እሺ ያልኩት ለራሴ ፈርቼ ነው።

ጽጌ፣ ጠርተውሻል።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስልክሽን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሎከርሽ ውስጥ ቆልፈሽበት ስለነበር ሐዲስ ወደ እኔ ደወለ። "እማዬ ጽጌን አገናኙኝ ትላለች" አለኝ። አንቺ ፊት ለፊቴ ሾርባሽን ትጠጪ ነበር። ትደነግጣለች፣ ገና ግማሽ ሺፍት ይቀራታል ብዬ "አሁን እዚህ የለችም፤ ስትወጣ ትደውላለች" አልኩት። ማን ነው ስትዪኝ "የመኪና ኢንሹራንስ ነው" አልኩሽ። ከሥራ ሳንወጣ አረፉ። ሐዲስ እስከ ዛሬ አጠገቤ አልነበርሽም ብሎ ነው የሚያምነው፤ በእሱ አትቀየሚ።

ይህን ለመንገር ሽማግሌ አልሰበሰብኩም። በርሽን ክፈቺልኝም አልልሽም። የአንቺ የሆነውን ግን ከእንግዲህ አልይዝብሽም።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት የእናትሽ ድምፅ ከሐዲስ ኋላ ይሰማኝ ነበር። "ጽጌዬ ናት?" ይሉ ነበር።

ስሟን መጻፍ ያሳፈራት፣
አመለወርቅ